ሰው ወጣ፣ እሳት ገባ

ኢሉባቦር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ዝናብ ነው። መቱና ጎሬ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፤ በያዩ የቡና ደን ጥላ ሥር በጥር ወር እንኳ ቅጠሉ ከእግር በታች እርጥብ ነው። ከደጋው ተነስቶ በዳሪሙ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው ግን ሌላ አገር ይገጥመዋል። አየሩ ይሞቃል። ቡናው ይቀርና ወይባና አባሎ ይመጣል። በዛፎቹ መካከል ክረምቱ ያበቀለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሳር ይቆማል። ይህ ሳር ከኅዳር በኋላ ይደርቃል፤ በዚያው ሰሞን ደረቁ የበጋ ነፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ መንፈስ ይጀምራል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በደዴሳ ሸለቆ ጭስ የማይታይበት ሳምንት ጥቂት ነው።

እሳቱ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያን ዕፅዋት ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ዴንማርካዊው ባልደረባቸው ኢብ ፍሪስ፣ የምዕራቡ ቆላ ዛፎች በየዓመቱ ከሚመጣው እሳት ጋር የተላመዱ መሆናቸውን ጽፈዋል። ቅርፊታቸው ወፍራም ነው፤ ግንዱ ቢለበለብ ሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሰውም ከእሳቱ ጋር የሚኖርበትን ብልሃት አበጅቷል። ሳሩ ጨርሶ ሳይደርቅ የመንደሩንና የጎተራውን ዙሪያ ቀድሞ ያቃጥላል። ግማሽ እርጥብ በሆነ ሳር ላይ የተለኮሰ እሳት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ማታ ጤዛ ሲወርድ ይከስማል። የካቲት ላይ ነፋስ እየነዳው የሚመጣው ሰደድ እሳት ያችን የተቃጠለች ቀበቶ ሲያገኝ የሚበላው ያጣል፤ ዞሮ ያልፋል።

ገደልና ሸለቆ ባለበት አገር ይህ እውቀት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ወዳለው ሳር ያዘነብላል፤ ገና ሳይደርስበት ያደርቀዋል። ባለሙያዎች እንደሚሉት ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ቀን ፀሐይ ያሞቀው አየር ከሸለቆው ሽቅብ ይነፍሳል፤ ማታ ደግሞ የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ደህና የነበረ ቦታ ከሰዓት በኋላ ወጥመድ ይሆናል። ይህን የቆላ እረኛ በልጅነቱ ይማረዋል። በኋላ በአገራችን የሆነው ነገር ይህን የሚያውቀው ሰው ከቦታው እንዲነሳ ወይም አፉን እንዲዘጋ መደረጉ ነው።

ታሪኩ ከ1960ዎቹ ይጀምራል። በዚያ ዘመን መንግሥት ብሔራዊ ፓርኮችን ማቋቋም ያዘ። ሰሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለለ፤ የባሌ ተራሮች ፓርክም በዚያው ሰሞን ተቋቋመ። በባሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ ዳገቱን ሁሉ የሸፈነው አስታ ነው፤ ውጨና የሚሉትም አሉ። እረኞች ይህን ቁጥቋጦ በየተራ ያቃጥሉት ነበር፤ ከብቱ የሚበላው ከእሳት በኋላ ከሥሩ የሚወጣውን ለጋ ቅርንጫፍ ስለሆነ ነው። ያረጀ አስታ ለከብት አይሆንም፣ ነብርና ጅብም ይደበቅበታል። ማቃጠል ተከለከለ። ክልከላውን ያወጡት ሰዎች ደኑን ለማዳን በቅንነት እንደተነሱ አልጠራጠርም። ግን እረኛው ማቃጠሉን አልተወም፤ የተለወጠው አቃጣጠሉ ነው። ቀድሞ ተመካክሮ፣ ቀን መርጦ፣ ዙሪያውን ጠብቆ የሚለኩሰውን አሁን ለኩሶ መሸሽ ጀመረ። እሳቱን ያስነሳ ሰው ቆሞ የማይጠብቀው ከሆነ፣ ማን ሊያጠፋው ነው?

ቀጥሎ ድርቁ መጣ። በ1976 ዓ.ም. ዝናብ በጠፋባቸው ወራት ከ300 ሺህ ሄክታር በላይ የተፈጥሮ ደን መቃጠሉን በኋላ የወጡ ዘገባዎች ያነሳሉ። በዚያን ጊዜ ግን የአገሩም የዓለሙም ዓይን የወሎና የትግራይ ረሃብ ላይ ነበር፤ ሰው እያለቀ ለደን የሚያለቅስ አልነበረም። ለረሃቡ መልስ ተብሎ ደርግ ሰፈራ ጀመረ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ተነስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ። ኢሉባቦር ከዋነኞቹ መዳረሻዎች አንዱ ነበረች። ከዛፍ የተራቆተ፣ ሳሩ እስከ ሥሩ የተጋጠ ደጋ የለመደ ገበሬ፣ ሳር ቤቱን በሳር ባሕር መካከል እንዲሠራ ተደረገ። የወባውና የናፍቆቱ ነገር ብዙ ተጽፎለታል፤ የእሳቱ ነገር ግን እምብዛም። የአካባቢውን ነፋስና የሳሩን ጊዜ የሚያውቀው ነባሩ ሕዝብ ነበር፤ ሰፋሪውን ከነባሩ ጋር አገናኝቶ ያንን እውቀት ማስተላለፍ የማንም ሥራ አልሆነም።

ትልቁ እሳት በ1992 ዓ.ም. መጣ።

ዓመቱ ክፉ ነበር። በጾረናና በባድመ ግንባር ሠራዊት ተፋጥጧል፤ በኦጋዴን ድርቁ ሰውና ከብት ይፈጃል። ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ከባሌና ከቦረና የእሳት ወሬ መሰማት ጀመረ። መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልጣፈውም፤ በበጋ እሳት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ግን ይህ እሳት የገባው ወዳልለመደው ቦታ ነው። ሐረና ደን ገባ።

ሐረና ለኢሉባቦር ሰው ባዕድ አይደለም። እንደ ያዩ የዱር ቡና የሚበቅልበት፣ ቀፎ በየዛፉ የሚሰቀልበት፣ ጉሙ የማይለቀው ደን ነው፤ ከሳነቴ አምባ ሥር እስከ ደሎ መና ይወርዳል። እንዲህ ያለው ደን ሊቃጠል ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ድርቁ ግን ለዘመናት የተከማቸውን የቅጠል ንጣፍ አድርቆት ነበር። እሳቱ በዚያ ንጣፍ ውስጥ ያለ ነበልባል እየጨሰ ሄደ። የእርጥብ ደን ዛፍ እንደ ቆላው ዛፍ ወፍራም ቅርፊት የለውም፤ ሥሩም ከላይ ከላይ ነው። ከላይ ለምለም የሚመስል ዛፍ ሥሩ ከውስጥ ተበልቶ ድንገት ይገነደሳል። ለማጥፋት የገባ ሰው በቅርንጫፍ የሚመታው ነበልባል እንኳ አያገኝም፤ አፈር መቆፈር፣ ቦይ መክፈት፣ ጉማጅ በጉማጅ ማገላበጥ ይኖርበታል። ዛሬ ጠፋ የተባለው ነገ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

ገበሬው ወጣ፣ ወታደር ወጣ፣ ተማሪ ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በለምለም ቅርንጫፍ፣ በአካፋ፣ በገጀራ ተሰማራ። በአምቦና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ተማሪዎች መንግሥት ደኑን ለማዳን ዘግይቷል ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተፈጠረ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። እኔ ይህን የ1992ቱን የተማሪ ጩኸት በአገራችን የደን ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ እሰጠዋለሁ። የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ መሬትና ስለ ዳቦ ከጮኸ ቆይቷል፤ ስለ ዛፍ ብሎ አደባባይ የወጣው ግን ያኔ ነው። ከዛፉ ጀርባ የፖለቲካ ቁጣ እንደነበረበት እውነት ነው። ቢሆንም ደን ለአንድ ሕዝብ ምን ያህል የራሱ እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

መንግሥት የውጭ እርዳታ ጠየቀ። ከጀርመን ፍራይቡርግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእሳት ክትትል ማዕከል ኃላፊ ዮሃን ጎልዳመር መጡ። ከደቡብ አፍሪካ የሠለጠኑ እሳት አጥፊዎች ደረሱ፤ ከአሜሪካና ከካናዳም ድጋፍ ተገኘ። በዚያው ወር፣ የካቲት 16 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ቴራ የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ምድርን መቃኘት ጀመረች፤ ዛሬ የትም አገር የሚነሳን እሳት በቀይ ነጥብ የሚያሳየው ካርታ ከዚያች ሳተላይት የጀመረ ነው። ለሐረና ግን ያ ዓይን ገና ጨቅላ ነበር። እንግዶቹ ለአገሩ ሰው ያስተማሩት የእሳት መከላከያ መስመር እንዴት እንደሚጠረግ፣ ቡድን እንዴት እንደሚመራ፣ መሸሻ መንገድ ሳያዩ ወደ እሳት አለመጠጋትን ነው። እሳቱን በመጨረሻ ያጠፋው የበልግ ዝናብ ነው። ሲቆጠር ከ150 ሺህ ሄክታር በላይ እንደተቃጠለ ተገመተ።

መንስኤው ሲጠየቅ የተገኘው መልስ አንድ አልነበረም። ማር ቆራጭ ጭስ ጥሎ ሄዷል፤ ገበሬ ለእርሻ መንጥሯል፤ እረኛ ለግጦሽ ለኩሷል፤ ቡና ተካይ ጥላ ሥሩን አጽድቷል። ሁሉም በየዓመቱ የሚደረግ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ልዩ የነበረው ድርቁና ነፋሱ ነው፤ ከዚያም በላይ እሳቱን ገና ትንሽ ሳለ የሚቆጣጠረው ባለቤት መታጣቱ ነው። መስከረም 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስለ ተቀናጀ የደን እሳት አያያዝ ጉባኤ ተደረገ። ባለሙያዎቹ ነዋሪው ሕዝብ የእሳት አያያዙ ባለቤት ካልሆነ ምንም እንደማይሠራ ተናገሩ። ከጉባኤው የወጣው ሰነድ ጥሩ ነበር።

ሰነዱ በወጣ በ3 ዓመቱ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ሌላ ሰፈራ ተጀመረ። ከዳሪሙ በስተምሥራቅ፣ በደዴሳ ሸለቆ ያለችው ጨዋቃ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አባወራዎችን ተቀበለች። ቦታው ዛፍና ረጅም ሳር የሞላበት፣ አውሬ የሚኖርበት ቆላ ነበር። ሐረርጌዎቹ ትጉህ ገበሬዎች ናቸው፤ በጥቂት ዓመታት ሸለቆውን በቆሎ፣ ማሽላና ሰሊጥ አለበሱት። ምንጣሮው ግን በእሳት ነው የተሠራው፤ ደኑም በዚያው ልክ ሳሳ። ከጎናቸው ያለው የዳሪሙና የመኮ ነዋሪ የሸለቆውን ነፋስ ያውቀዋል። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለት የእሳት ልማድ ጎን ለጎን መኖር ያዘ።

ሕጉ ደግሞ እየጠነከረ ሄደ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 በደን ላይ እሳት ለኩሶ ጉዳት ያደረሰን ሰው ከ10 ዓመት በሚጀምር ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በጋ ባሌ እንደገና ነደደ። በዚያው ዘመን ማሪያ ዮሃንሰንና አንደርሽ ግራንስትሮም የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች የባሌን አስታ እየለኩ፣ እረኞቹንም እየጠየቁ ነበር። ያገኙት ነገር ለሕግ አውጪ የሚጎረብጥ ነው። ከተቃጠለ 4 ዓመት ገደማ ያልሞላው አስታ እሳት አይዝም ማለት ይቻላል፤ ወደ 10 ዓመት ሲጠጋ ግን ደረቅ ጭራሮው ተከማችቶ በቀላሉ ይነድዳል። እረኞች በየተራ ሲያቃጥሉ ወጣቱ አስታ ለአሮጌው አጥር ይሆንለታል፤ አንዱ ቦታ የተነሳ እሳት ተራራውን ሁሉ አይወስደውም። እሳት ፈጽሞ ከተከለከለ ተራራው በሙሉ እኩል ያረጃል፤ አንድ ቀን በአንድ ክብሪት አብሮ ለመሄድ ይዘጋጃል።

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንሂድ፤ የዚህ ታሪክ ጫፍ እዚያ ነው።

ሰሜን ተራሮች በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዋልያ ያለው በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው በፓርኩ ውስጥ ያለው እርሻ፣ ሰፈርና ልቅ ግጦሽ ነበር። በፓርኩ እምብርት፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግና ከብት ያረባሉ፣ በቅሎ ለጎብኚ ያከራያሉ። ከረጅም ድርድር በኋላ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ 2,500 ሰው፣ ካሳ ተሰጥቷቸው በ2008 ዓ.ም. ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ሣሩ ተመለሰ። የከብት ኮቴ ያራቆተው ሜዳ በጓሳ ተሸፈነ፤ የጥበቃ ሰዎች ተደሰቱ፣ ደስታቸውም ተገቢ ነው። ለጭላዳውም ለቀይ ቀበሮውም እፎይታ ነበር። ግን ያልተጋጠ ጓሳ በበጋ ማገዶ ነው። ቀድሞ ጭስ ሲያይ እሪ ብሎ የሚወጣ፣ የትኛው ገደል በየት በኩል እንደሚወረድ የሚያውቅ መንደር ደግሞ አሁን የለም፤ ብዙ ሰዓት በእግር ርቆ ከተማ ውስጥ ይኖራል።

2011 ዓ.ም. ገባ። በዚያ ዓመት ጥቅምት 29 ቀን፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፌዘር በሚባል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ከኤሌክትሪክ መስመር የተነሳ እሳት በደረቅ ነፋስ ታጅቦ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማን በጥቂት ሰዓታት በላት። ወደ 26 ሺህ የሚሆነው ነዋሪ በጥቂት ጠባብ መንገዶች ለመውጣት ተጨናነቀ፤ 85 ሰው ሞተ፣ ከ18 ሺህ በላይ ሕንጻ ወደመ። በዚያ አገር የሰደድ እሳት ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ እሳት ይመጣል፣ ሰው ይወጣል። በእኛ ግን ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ግጭ ባዶ ከሆነች 3 ዓመት ሊሞላት ነበር።

መጋቢት 19 ቀን ሰሜን ተራሮች ላይ እሳት ተነሳ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ በጋው ተራዝሟል፣ ጓሳው ነጥቷል፣ አስታውም ደርቋል። የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ወጣቶች ገደል ለገደል እየተሳቡ በቅርንጫፍና በአፈር ተጋፈጡት። ጠፋ ተባለ። ሚያዝያ ሲጠባ እንደገና ተቀጣጠለ፤ ይህኛው የባሰ ሆነ። የሰሜን ገደል ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለው። እሳቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ሣር ይዞ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ የነደደ ጉቶ ተንከባልሎ ከታች ያለውን ቁጥቋጦ ይለኩሳል፤ ከዚያ ቀን ነፋሱ ሽቅብ ሲነሳ ያው እሳት በዳገቱ ተመልሶ ይወጣል። ከላይ ያለው ሰው ያጠፋውን እሳት ከሥሩ ሲመጣበት ያያል። ውኃ በጀሪካን በአህያና በትከሻ ነው የሚደርሰው።

ሕዝቡ በየማኅበራዊ መገናኛው ጮኸ፤ አገሩ ሁሉ ስለ ዋልያ ተጨነቀ። መንግሥት የውጭ አገር እርዳታ ጠየቀ። ከኬንያ ውኃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ቡድን ደረሰ። አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ የለበትም፦ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሄሊኮፕተር የሚሸከመው ውኃ ይቀንሳል። የሰማዩ እርዳታ ትልቅ ነበር፤ ግን በምድር ላይ መስመር የሚጠርግ፣ የተረጨውን ቦታ ፍሙን የሚያገላብጥ ሰው ከሌለ ውኃው ተንኖ ይቀራል። ያንን የሠራው የአካባቢው ገበሬና ወጣት ነው። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እሳቱ በቁጥጥር ሥር ዋለ። የተቃጠለው ወደ 1,000 ሄክታር የሚጠጋ ጓሳና አስታ እንደሆነ ተገመተ።

ከባሌው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ነገር ግን ዋልያ የሚኖረው በዚያ ጠባብ አፋፍ ላይ ነውና የአንድ ሄክታር ዋጋ ሌላ ነው። እሳቱን ማን ለኮሰው የሚለው ክርክር ወራት ወሰደ። እኔን የሚያሳስበኝ የለኮሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ለ3 ዓመት የተከማቸው ሣር ባለቤት ማን ነበር የሚለው ጭምር ነው። የግጭ ሰዎች ይመለሱ አልልም፤ ፓርኩ ከእነሱ ጋር እየሞተ ነበር። ግን ሲወርዱ ሥራቸውን የወሰደ አልነበረም። የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግ፣ በተወሰነ ቦታና ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ተራ በተራ ማቃጠል፣ ለዚህም ያንኑ መንደር ደመወዝ ከፍሎ መቅጠር ይቻል ነበር። የሰፈራው ካሳ የቤትና የመሬት ዋጋ አስልቷል፤ የእውቀታቸውን ዋጋ ግን አላሰላም።

ይኸው ጥያቄ በዳሪሙና በጨዋቃም አለ። የደን አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1065 ተተክቶ ነዋሪውን ሕዝብ የደን ባለቤት አድርጎ እውቅና ሰጥቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይህን ይዞ በኅዳር መጀመሪያ ሽማግሌዎቹንና ሰፋሪዎቹን አንድ ዛፍ ሥር ቢያስቀምጥ፣ የትኛው ሳር መቼ እንደሚቃጠል፣ የትኛው መንደር ዙሪያውን እንደሚጠርግ፣ ነፋስ ሲዞር ሴቱና ሕፃኑ በየት በኩል ወደ ወንዝ እንደሚወርድ ሊስማሙ ይችላሉ። ለዚህ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም። የሳተላይቱ ቀይ ነጥቦች በየዓመቱ ታኅሣሥና ጥር ላይ በደዴሳ ሸለቆ ይፈሳሉ፤ ከነዚያ ነጥቦች የትኛው የታሰበበት፣ የትኛው ያመለጠ እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው እዚያው የሚኖረው ሰው ብቻ ነው።

በሰሜን ከ2011ዱ ክረምት በኋላ ጓሳው በወራት ውስጥ አቆጠቆጠ፤ አስታውም ከሥሩ ማቆጥቆጥ ያውቅበታል። በባሌ የተለካው ለሰሜንም ከሠራ፣ ያ አስታ እንደገና በቀላሉ ለመንደድ የሚበቃው በ10 ዓመቱ፣ በ2021 ዓ.ም. አካባቢ ነው።